የፊት እግር ያልነበረው መኪና

ነገሩ የተበላሸው በጫማ ምክንያት ነው። ከባሕር ዳር በብዙ ክርክር የገዛሁት ቡናማ የቆዳ ጫማ ነበር፤ ገና አፍንጫው እንኳ አልተሸበሸበም። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ከወረታ ተነስቼ ወደ ጣና ዳር ስነዳ እሱን ነበር ያደረግኩት። ስለዚያ ቀን ለሰው ሳወራ የኖርኩት ግን ስለ ጭቃ ነው። ጭቃ ለወሬ ያመቻል፤ አድማጩም "አይ የፎገራ ጭቃ!" ብሎ ከንፈሩን ይመጥልሃል። የጫማውን ነገር ሳወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ያኔ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። በሐይቁ ዳር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ አባ ጎርባ ገባ የሚል ወሬ መጣ። አባ ጎርባን ከብት ያለው ሁሉ ይፈራዋል። የከሳውን ትቶ የወፈረውን፣ ያረጀውን ትቶ ወይፈኑንና ጊደሯን ይመርጣል። ጭኑ ወይም ትከሻው ያብጣል፤ ሲዳስሱት ከቆዳው ሥር አየር የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል፤ ከብቱ በአንድ በሁለት ቀን ይሞታል። የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል። ጎርፍ አፈሩን ሲያገላብጠው ከሣሩ ጋር ተግጦ ይገባል። የ1998ቱ ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቅልቆ ሰዉን ከነከብቱ ካፈናቀለ ገና ሁለተኛው ክረምት ስለነበር ወሬውን አቅልሎ ያየው ሰው አልነበረም። ገበሬው በማግሥቱ ከብቱን ሰብስቦ እንዲጠብቅ መልእክት ተላከ።

ሌሊቱን ሾፌሩን ወባ ጣለው። "መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ እኔው ይዤው እሄዳለሁ" አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ሾፌሩ ጋቢውን ተከናንቦ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ "ከአስፋልቱ ስትወርድ የፊቱን መቆለፍ እንዳትረሳ" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት። እውነትም አውቅ ነበር።

ለማያውቀው ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚያ አሮጌ ላንድክሩዘሮች አራቱም ጎማ እንዲስብ ከፈለግክ ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችውን አጭሯን ማርሽ ማስገባት ብቻ አይበቃም። ከመኪናው ወርደህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ በሁለቱ የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ ያሉትን ክብ መቆለፊያዎች በእጅህ ታዞራለህ። ይህን ካላደረግክ ማርሹ ቢገባም ጉልበቱ የፊት ጎማው ዘንድ አይደርስም። የፊቱ እግር ዝም ብሎ ይከተላል እንጂ አይስብም። ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን መውረድ ይጠይቃል።

ወረታን የሚያውቃት መንገደኛ ብዙ ነው። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት። መንገደኛው የማያውቀው ከአስፋልቱ በስተምዕራብ ያለውን አገር ነው። ርብና ጉማራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነስተው፣ የተሸከሙትን አፈር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በተዘረጋው ሜዳ ያራግፉታል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጣና ያለው ቁልቁለት ለዓይን አይታይም፤ ውኃውም ወዴት እንደሚሄድ ግራ የገባው ይመስላል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁን ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ጠብታ አያሳልፍም። የፎገራ ገበሬ ከዚህ አፈር ጋር አይጣላም። በክረምት ውኃ የሚወደውን ሩዝ ይዘራበታል፤ ዝናቡ ሲያባራ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ያበቅልበታል። ሩዙ በደርግ ዘመን የመጣ እንግዳ ቢሆንም ዛሬ ሜዳው ያለሱ አይታሰብም። እንግዲህ ገበሬው ለአፈሩ ጊዜ ይሰጠዋል። እኔ ግን አንዲት ደቂቃ ነፈግኩት።

በአማርኛችን ከደመና የሚወርደውም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውም፣ ፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ የሚዘንበውም ያው በረዶ ነው። ወደ እርጥብ መሬት ስንመጣ ግን ቃሉ አያልቅብንም፤ ጭቃ፣ ድጥ፣ ማጥ፣ ረግረግ፣ አረንቋ እንላለን። ያየ ነው የሚለያያቸው። ድጥ ላዩ ያዳልጣል እንጂ ሥሩ ይይዛል፤ ማጥ ግን ላዩ ረጋ ብሎ ይጠብቅሃል፣ ሥሩ የለም። "ከድጡ ወደ ማጡ" የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ሁለቱ ቃላት የሚለያዩ መሆናቸውን የተማርኩት ግን ያን ቀን ነው።

አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ ያካፋል። በሩን ከፍቼ ወደ ታች ተመለከትኩ፤ ጥቁሩ ጭቃ ያብረቀርቃል። ጫማዬን አየሁት። "ከባሰብኝ ያኔ እወርዳለሁ" አልኩና በሩን መልሼ ዘጋሁት።

በሕይወቴ ለራሴ ከነገርኩት ውሸት ሁሉ ይህ ሳይከፋ አይቀርም፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ሲብስ እወርዳለሁ ያለ ሰው፣ ሲብስ መቆለፊያው ራሱ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ እንደሚጠብቀው አላሰበም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሮች ድጥ ነበሩ። መኪናው ኋላውን እየወዘወዘ ሲሄድ፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ እየመለስኩ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ግራና ቀኙ አረንጓዴ ሩዝ ነው፤ ከኋላዬ የክትባቱ ሣጥን በበረዶው ታጭቆ ተቀምጧል። "ሾፌርነት ይህ ነው እንዴ?" አልኩ በሆዴ። ከዚያ የሩዙ ማሳ ውኃ መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍበት ዝቅ ያለ ቦታ ደረስኩ። አጭሯን ማርሽ አስገባሁ። የፊቱ ሰሌዳ ላይ መብራቷ በራች። መብራቷን አመንኳት። መብራቷ ግን ማርሹ መግባቱን እንጂ ጎማው መሳቡን አታውቅም።

መሃሉ ላይ ቆመ። ነዳጅ ሰጠሁት፤ የኋላው ጎማ ጮኸ እንጂ መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ጨምሬ ሰጠሁት። ጎማው በዞረ ቁጥር ዋልካውን እንደ ሸክላ ሠሪ ያለሰልሰዋል፤ የጎማው ጥርስ በጭቃ ተሞልቶ እሱም ለስልሷል። ሁለት ለስላሳ ነገር እርስ በርሱ ምን ይያያዛል? የሚያዋጣው ያኔውኑ እግርን ከነዳጁ ማንሳት ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ፤ የተናደደ ሰው እግር ደግሞ ከባድ ነው። መኪናው በኋላው ተቀመጠ፤ ሆዱም ጭቃውን ነካ።

ሰው ለመምጣት ጊዜ አልወሰደበትም። ከማሳው፣ ከመንገዱ፣ ከየት እንደሆነ ሳላውቅ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ከበቡኝ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ላስቲክ ደርበው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ሦስት ከብት አስከትለው ቆሙ። ለካ የሚመለሱት እኔው ካስጠራሁበት ቦታ ነው፤ ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው። ምንም አላሉኝም። መኪናውን ገበያ ላይ በሬ እንደሚመርጥ ሰው አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ፣

"እስቲ ደግሞ አንድ ጊዜ አስነሣው" አሉኝ። አስነሣሁት።

"ልጄ፣ የፊት እግሩን ምን ነካው? የኋላው ብቻውን እኮ ነው የሚፍጨረጨር። በሬም ከማጥ ሲወጣ በፊት እግሩ ቧጦ ነው።"

ጆሮዬ ጋለ። መኪና ነድተው የማያውቁ ሰው፣ እኔ በመንጃ ፈቃድ ያላየሁትን በአንድ ዙር አዩት። ወረድኩ። ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ፤ ሁለተኛውን እግሬን ሳነሣ የግራው ጫማ እዚያው ቀረ። በካልሲ እየተራመድኩ ወደ ፊት ጎማው ሄድኩ፤ ጭቃውን በእጄ ጫርኩና መቆለፊያውን አገኘሁት። እዚህ ላይ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር። "ረስቼው ነው" ወይም "ጫማዬን ሳስቼ ነው" ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጎማውን የምመረምር መስዬ፣ ጀርባዬን ለሰዉ ሰጥቼ፣ ቀስ አድርጌ አዞርኩት። በዚያኛውም በኩል እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ አዛዥ ሆንኩ። ከጎማዎቹ ፊት ጭቃው እንዲቆፈር አደረግኩ፤ ልጆቹ የሩዝ ገለባና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥተው አነጠፉ፤ ጎማዎቹን በከፊል አስተነፈስኳቸው፤ ሰዉ ከኋላ ገፋ። መኪናው እየቧጠጠ ወጣ። እልልታ ሆነ። ሁሉም በክንዱ ጉልበት የወጣ መሰለው። "እናንተ ባትኖሩ አልቆልኝ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ ውሸቱን የሸፈንኩበት እውነት ነበር። አንድ ልጅ የግራ ጫማዬን በሁለት እጁ ይዞ አመጣልኝ። በውስጡ ጭቃ ሞልቶበታል።

በረዶው ቀልጦ ነበር፤ ቀኑም መሽቷል፤ ከብቱ ተበትኗል። ወደ ወረታ ተመለስኩ። ክትባቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ በሰላም ገባ። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው። በማግሥቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ "በክረምቱ ምክንያት መንገዱ ተሽከርካሪ የማያስገባ ሆኖ ስለተገኘ" የሚል ሪፖርት ጻፍኩ። ቋንቋው የሚታወቅ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ "ተገኘ" እንጂ ማን እንዳገኘው አይጠየቅም። አለቆቼ አመኑኝ። የዚያ አቅጣጫ ሥራ ዝናቡ እስኪያባራ ይቆይ ተባለ። መንገዱን የዘጋው ጭቃው ሳይሆን የእኔ ብዕር ነው። እስኪከፈት ሁለት ወር ያህል ሄደ። በዚያ ሁለት ወር ስንት ከብት እንደወደቀ አልጠየቅኩም። አለመጠየቄ ከጫማው ይብሳል።

ከዓመታት በኋላ ካናዳ፣ ካልጋሪ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በክረምት ስልክ ደወለች። እዚያ ክረምት ሲባል በረዶ ነው። መኪናዋ ከቤቷ ደጃፍ ላይ በበረዶ ተውጦ ባዶውን ሲሽከረከር በቪዲዮ አሳየችኝ። ድምፁን ለየሁት፤ ያንኑ ጩኸት ነው የሚጮኸው። ጎማው በዞረ ቁጥር በረዶውን ያቀልጠዋል፣ የቀለጠው ተመልሶ እንደ መስተዋት ይጠጥራል። "እግርሽን ከነዳጁ አንሺ" አልኳት። "መሪውን አቅኚ፣ ከፊቱ ቆፍሪለት፣ ሸካራ ነገር አንጥፊለት።" አይስላንዶች የበረዶ ግግር ላይ ሲነዱ ጎማቸውን ባዶ እስኪመስል ድረስ ያስተነፍሱታል ይባላል፤ የተነፈሰ ጎማ ሰፍቶ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ስነግራት፣ "አንተ በረዶ አይተህ የማታውቅ፣ ከየት ተማርከው?" አለች። "ከፎገራ" አልኳት። እሷም ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። የተማርኩትን ዋናውን ግን ያኔም አልነገርኳትም።

ያንን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። በጥር 2001 ዓ.ም. ወደዚያው ቀበሌ ለክትባት ሄድኩ። ያው መንገድ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ከመኪናው ኋላ አቧራ ይነሣ ነበር። ሩዙ ታጭዷል፤ ጓያው አብቧል። ሽማግሌው ሁለት ከብት እየነዱ መጡ።

"ያኔ ሦስት አልነበሩም?" አልኳቸው።

"አንዷ በመስከረም ሄደች። ጊደሯ።" ድምፃቸው ላይ ወቀሳ አልነበረም። መርፌውን ስሞላ እጄን እያዩ ቆዩና፣ "ያን ቀን እጅህ ጎማው ላይ ስትዞር አይቻታለሁ" አሉ። "ጭቃውን በከንቱ ስሙን አጠፋኸው።"

መርፌው እጄ ላይ ቀረ። "ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አሉ?"

"አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ።"

ዛሬ ከአስፋልት ስወርድ፣ መንገዱ ደረቅ ቢመስልም፣ ቆሜ እወርዳለሁ፤ ጎንበስ ብዬ የፊቱን እቆልፋለሁ። አብረውኝ የሚሄዱ ልጆች "ጋሼ፣ ምን አስቸኮለህ? ገና ጭቃው አልጀመረም እኮ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ እጄን እየጠረግኩ ዝም እል ነበር።

ይኸው ተናገርኩ፤ ከብዙ ክረምት በኋላ።