የአንዱ ጥፋት የሁሉ ዳፋ ሲሆን

በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ከለንደን አቅራቢያ በምትገኘው ኢፒንግ በተባለች አነስተኛ ከተማ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች ባረፉበት ሆቴል ደጃፍ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ቁጣውን ገለጠ። ለቁጣው መነሻ የሆነው አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር። ሰውየው በጀልባ ባሕር አቋርጦ እንግሊዝ ሀገር በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ የ14 ዓመት ልጃገረድን በመተንኮሉ ተከሰሰ፤ ጥፋተኛነቱም ተረጋግጦ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የ12 ወር እስራት ተፈረደበት። በጥቅምት ወር ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ ተደረገ።

ልጅ ያላት ሁሉ የዚያች ልጅ እናት ጭንቀት ይገባታል። ጥፋተኛው የሀገራችን ሰው ስለሆነም ነገሩን ማቃለል ወይም መሸፋፈን ተገቢ አይደለም። ከሰልፈኞቹ መካከል «ልጆቻችንን አድኑ» እያሉ የወጡ እናቶች ነበሩ፤ ይህም እናትነት ነው። ይሁን እንጂ ቁጣው በአንድ ሰው ላይ አልቆመም። በሆቴሉ ያሉት ሁሉ ይውጡ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ በሌሎች ከተሞችም በእንዲህ ያሉ ሆቴሎች ደጃፍ ሰልፍ ተደረገ። አንዳንዱ በሰላም ድምፁን አሰምቶ ሲመለስ ሌላው ከፖሊስ ጋር ተጋጨ።

ቁጣ ወሬ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ይሆናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እዚያው እንግሊዝ ሀገር፣ በሳውዝፖርት ከተማ፣ 3 ሕፃናት ልጃገረዶች በስለት ተወግተው በተገደሉ ጊዜ ገዳዩ በጀልባ የመጣ ስደተኛ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ወጣቱ ግን የተወለደው እዚያው ብሪታንያ፣ ካርዲፍ ከተማ ነው። እውነቱ ቢነገርም ወሬው ቀድሞ ነበርና መስጊድ በድንጋይ ተደበደበ፤ በሌላ ከተማም ስደተኞች ያሉበትን ሆቴል ለማቃጠል ተሞከረ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሀገር ሰዎች ማስወጣት በጀመረች ጊዜ፣ በሪያድ ከተማ መንፉሃ በተባለው ሰፈር በተነሣው ግጭት የወገኖቻችን ሕይወት ጠፍቷል። በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በመካከላቸው የሰው ልጅ ሲያሳድጉ፣ ሲያጥቡና ሲያበስሉ የኖሩ ብዙ እኅቶቻችን ነበሩ። ማንኛውም ሀገር ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ በሕግ የመወሰን መብት አለው። ሕግ ማስከበርና ዱላ ይዞ በሰፈር ሰው ማሳደድ ግን አንድ አይደሉም።

ያን ጊዜ ሁላችንም አልቅሰናል፤ ተቆጥተናልም። ዳሩ ግን መጤ የሚለው ቃል በእኛም ደጅ እንደሚነገር ልብ እንበል።

በ2014 ዓ.ም. ዘመድ ለመጠየቅ መርጡለ ማርያም በሄድሁ ጊዜ ጎረቤት ቡና ጠርቶን ነበር። ያን ሰሞን ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች የ3 ልጆች እናት የምትከራየው ቤት አጥታ ኖሮ ወሬው ስለ እርሷ ሆነ። ባዶ ክፍል ያላቸው አንዲት ሴት፣ «ከተሰጣበት ልብስ መጥፋት የጀመረው እነዚህ መጤዎች ከገቡ ወዲህ ነው፤ እኔ አላስገባም» አሉ። ሲሰረቅ ያየ ሰው ግን አልነበረም። የሴትየዋ አያት የሄዱት ከዚሁ ከጎጃም ነው። እዚያ ሰፋሪ ተብላ፣ እዚህ ደግሞ መጤ ተባለች ማለት ነው።

ከመካከላችን ልጇ ጅዳ ያለባት አንዲት እናት ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «እታለም፣ የኔም ልጅ እኮ እዚያ መጤ ነው። ዛሬ እዚያ የጠፋ ዕቃ ቢኖር እሱ ወሰደው ይሉ ይሆናል» አለች። ማንም አልመለሰላትም። በሳምንቱ ያ ክፍል ለተፈናቃይዋ እናት መከራየቱን ሰማሁ።

የመርጡለ ማርያም ሰው ለዚህ ነገር ከማንም የበለጠ ምስክር አለው። የከተማይቱ መኩሪያ የሆነውን፣ በጥርብ ድንጋይ ተጊጦ የነበረውንና ፍርስራሹ እስከ ዛሬ የሚታየውን ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ናት። እሌኒ የሐድያ ገዢ ልጅ፣ ከእስላም ቤተሰብ የተወለደች ነበረች። በጋብቻ ቤተ መንግሥት ገብታ፣ በብልኅነቷ ተከብራ፣ ሕፃኑ ልብነ ድንግል ሲነግሥ በሞግዚትነት ሀገር እስከ መምራት ደረሰች። ከሩቅ የመጣች ናት ተብላ ተገፍታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለእንግዳ የምናሳየው ያ ቅርስ ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ ሁለት ነገር በእጃችን አለ። ልጆቻችን ለስደት ሲነሡ ስንቅ ብቻ ሳይሆን፣ የሰው ሀገር ሕግና የሰው ልጅ ክብር እንዲጠብቁ አጥብቀን እንንገራቸው፤ የአንዱ ጥፋት በሺዎች ላይ እንደሚቆጠር ይወቁ። በሰፈራችንም ሌባ ቢገኝ ስሙን ለፖሊስ እንስጥ እንጂ የመጣበትን ወገን ሁሉ አንክሰስ። አዲስ የመጣችውን ጎረቤት ቡና እንጥራት፣ ዕድር እናስገባት፣ ልጆቿን ከልጆቻችን ጋር ትምህርት ቤት እንላክ። ስሟን ካወቅን በኋላ መጤ ብሎ መጥራቱ ለአፋችን ይከብደዋል።