ስለ ሳሕን ማጠቢያ መኪና ሕመምና መድኃኒት

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ብለው የተናገሩት ምሳሌ ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን በዛሬው ዘመን ወደ ቤታችን ለገባው መሣሪያ ሁሉ የሚያገለግል ምክር ሆኖ እናገኘዋለን። ሰው ዕቃው በቆመበት ጊዜ የብልሽቱን ሥር ሳይመረምር ወይ ይቈጣል፥ ወይ ገንዘቡን አውጥቶ አዲስ ይገዛል። ስለዚህ በባሕር ማዶ በሚኖሩት ወገኖቻችን ቤት አዘውትሮ ስለሚገኘው ስለ ሳሕን ማጠቢያ መኪና ጥቂት ነገር ለመጻፍ አሰብሁ። ጕዳዩ ትንሽ ቢመስልም የእናቶችና የእኅቶች ድካም ስላለበት ትንሽ አይደለም።

ይህን መኪና ለሥራ በሚበቃ አኳኋን ያወጡት ወይዘሮ ጆሴፊን ኮክሬን የሚባሉ አሜሪካዊት ናቸው። በኢሊኖይ ክፍል በሼልቢቪል ከተማ ይኖሩ ነበር። ሠራተኞች ሲያጥቡ የከበሩ ሳሕኖቻቸው እየተሸረፉ ስላስቸገሯቸው፥ ባላቸውም በ1883 ዕዳ ትተውባቸው ስለ ሞቱ፥ ሐሳባቸው የኑሮ መተዳደሪያ ሆነ። ከአንድ መካኒክ ጋር በቤታቸው ጓሮ ሠርተው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. የፈጠራ መብታቸውን በመንግሥት አስመዘገቡ፤ በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤክስፖዚሲዮንም ተሸለሙ። ብልሃቱ ሳሕኑን በመፈግፈግ ፈንታ በውሃ ግፊት ማጠብ ነው። መኪናው በመጀመሪያ የገባው ወደ ሆቴሎች ነበር፤ ወደ ቤት ሁሉ የገባው ግን ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጥቂት ውሃ ከታች ይገባል፥ ይሞቃል፥ ፓምፑም እየገፋ ቀዳዳ ወዳላቸው ክንዶች ያወጣዋል። ክንዶቹ በሚወጣው ውሃ ግፊት ራሳቸው እየዞሩ ሳሕኑን ይረጩታል። ውሃውም ወርዶ በማጣሪያ ካለፈ በኋላ ያው ውሃ ተመልሶ ይረጫል። ስለዚህ በአንድ እጥበት የሚፈጀው ውሃ በአዲሶቹ መኪናዎች ከ10 እስከ 20 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ያው ውሃ ደጋግሞ ስለሚሠራ ማጣሪያው የሥራው ሁሉ በር ነው፤ እርሱ በታፈነ ጊዜ ሌላው ሁሉ ይታመማል።

ባለቤቴ በወለደች ጊዜ እናቷ ልጃቸውን ሊያርሱ ከጎንደር ተነሥተው እኛ ወደምንኖርበት ወደ ሜሪላንድ መጡ። በአራስ ቤት እንግዳው ብዙ፥ ገንፎው ብዙ፥ የሚታጠበውም ሳሕን ብዙ ነው። በዚህ መካከል መኪናው የቆሸሸውን ውሃ በሆዱ ይዞ ቆመ። ለጥገና የተጠራው ሰው በሩን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ «ይህ አልቆለታል፥ አዲስ ግዙ» ብሎ የመምጫውን ዋጋ ተቀብሎ ሄደ። አዲሱ ደግሞ የወር ኪራያችንን ግማሽ የሚያህል ነበር። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የባለቤቴ እናት ሁላችንም ከተኛን በኋላ እየተነሡ እስከ እኩለ ሌሊት ቆመው ያጥቡ ጀመር። «እማማ፥ ይረፉ እንጂ፥ ጕልበትዎን ያሞዎታል» ብላቸው፥ «ተወኝ ልጄ፥ እጄ እያለ ምን ቸገረኝ» ይሉኝ ነበር።

በቅዳሜ ቀን ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ፥ ውሃውን በጣሳ ቀድቼ፥ በጨርቅ አድርቄ ማጣሪያውን አወጣሁት። የረጋ ቅቤና የገንፎ ልቃቂ እንደ ጭቃ ለብሶታል። እርሱን ካጠብሁ በኋላ ከሥሩ ያለውን የፓምፑን አፍ በባትሪ መብራት ብመለከት አንዲት ነጭ ስባሪ ተሰክታ ፓምፑን እንዳይዞር ይዛው አየሁ። በፒንሳ ስቤ አወጣኋት። መኪናውን ባስነሣው ውሃው እየተንዶቀዶቀ ወጣ።

የባለቤቴ እናት ስባሪዋን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያም «ይቺ ከአገር ያመጣኋት ስኒ ናት። መሰንጠቋን እያወቅሁ ከሌላው ጋር ከተትኋት፤ ተሰብራም አገኘኋት። ያ ሰውዬ አልቆለታል ሲል ቤታችሁን ያከሰርሁ እኔ ነኝ ብዬ አፍሬ ዝም አልሁ» አሉኝ። ለካ የሌሊቱ መቆም ሁሉ እንደ ካሳ ኖሯል! «እማማ፥ ስኒ ይሰበራል፥ ይገዛል፤ የእርስዎ ጕልበት ግን ከየት ይገዛል?» ብዬ ወደ መኝታቸው ሸኘኋቸው። ሥሩ ያልተመረመረ ብልሽት ገንዘብን ብቻ ሳይሆን የሰውን ልብ እንደሚበላ ያን ቀን አየሁ።

እንግዲህ በእጁ ሊመረምር የሚወድ ሰው ይህን ሥርዐት ይከተል። ከሁሉ አስቀድሞ የመኪናውን ኤሌክትሪክ ከሳጥኑ ላይ ያጥፋ፤ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድነት ሳሉ እጅ አይገባም። በፓምፑም አፍ የመስታወት ስባሪ ሊኖር ስለሚችል ባዶ ጣት አይስደድ።

ውሃው አልወጣ ሲል ማጣሪያውንና የፓምፑን አፍ ከመረመረ በኋላ የፍሳሹ ጎማ ተጣጥፎ እንደ ሆነ ይመልከት። ጎማው ከማጠቢያው ገንዳ በታች ካለው የምግብ ትራፊ መፍጫ ጋር የተያያዘ ሲሆን መፍጫው ቢደፈን መኪናውም ይደፈናል። መፍጫው አዲስ የተተከለ እንደ ሆነ ግን ጎማው በሚገባበት አፍ ላይ ከፋብሪካ የመጣው ውታፍ ሳይነሣ ቀርቶ እንደ ሆነ ይታይ። ይህን ባለማየት ደኅና መኪና የሚጥል ሰው አለ።

ውሃው አልገባ ሲል የውሃው መክፈቻ መከፈቱን፥ በሩም ጠቅ ብሎ መዘጋቱን ይይ። በመኪናው ወለል ጥግ ውሃ ሲበዛ ከፍ የምትል ተንሳፋፊ ክዳን አለች፤ እርስዋ በቆሻሻ ተይዛ ከፍ ብላ ከቀረች መኪናው የሞላ መስሎት ውሃ አይቀበልም።

ሳሕኑ ሳይጠራ ሲቀር ክንዶቹን አውጥቶ ቀዳዳቸውን በስንጥር ይጥረግ፤ ረዥም ጭልፋም ክንዱን እንዳይዞር ከልክሎት እንደ ሆነ ያስተውል። በአሜሪካ መኪናው ከሙቅ ውሃ ቧንቧ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፥ ከማስነሣቱ በፊት በገንዳው ላይ ሙቁን ውሃ እስኪግል ድረስ ማፍሰስ ይረዳል። ብርጭቆው ነጭ ጉም ቢለብስ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በውሃው ውስጥ ያለው ኖራ ነው። በ2010 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ በብዙ ክፍለ አገሮች ፎስፌት ከማጠቢያው ዱቄት እንዲቀነስ ከታዘዘ ወዲህ ይህ ጉም የበዛበት ቤት ብዙ ነው። ለዚህ ኮምጣጤ በኩባያ አድርጎ በላይኛው መደርደሪያ አቁሞ መኪናውን ባዶውን ማስኬድ ይጠቅማል። ነገር ግን ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር ማደባለቅ መርዘኛ ጋዝ ያወጣልና ፈጽሞ አይደረግ።

ውሃ ከበሩ የሚፈስስ እንደ ሆነ በበሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ ይጥረግ፥ የተቀደደም ከሆነ ይለውጥ፤ መኪናው ማዘንበሉንም በውሃ ልክ ይለካ። በእጅ የሚታጠብበት ሳሙና ቢጨመርበት አረፋው ቤቱን ያጥለቀልቃልና ለመኪና የተሠራውን ብቻ ይጨምር።

የእኛ ማዕድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የእንጀራ ፍርፋሪና የረጋ ቅቤ ማጣሪያ ስለሚያፍን ሳሕኑ አስቀድሞ ይጠረግ፤ ነገር ግን ሁለተኛ መታጠብ አያሻውም። የሸክላ ጀበናና የእንጨት ዕቃ ከቶ አይግቡ። አሉሚኒየም በማጠቢያው ዱቄት ይጠቍራል፤ የስኒውም የወርቅ ቅብ ቀስ በቀስ ይለቃል።

የተቃጠለ ሽታ ያለው፥ ሽቦው የተላጠ ወይም ሞተሩ የደረቀ መኪና ግን የባለሙያ ጕዳይ ነው፤ በዚያ ላይ መድፈር ጥበብ አይደለም። የቀረው ሁሉ ካቻቪቴ፥ ፒንሳ፥ ጨርቅና ትዕግሥት ለያዘ ሰው የሚቻል ሥራ ነው።

በብዙ ወገኖቻችን ቤት ይህ መኪና የሳሕን ማድረቂያ መደርደሪያ ሆኖ ተቀምጦ፥ ከሥራ ደክማ የተመለሰች ሴት ከአጠገቡ ቆማ ስታጥብ አይቻለሁ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ተበላሽቷል» ይባላል፤ ሥሩን ያየ ግን የለም። የቤቱ ባለቤት በሳምንት አንድ ጊዜ እጅጌውን ሰብስቦ ማጣሪያውን ቢያጥብ ከክብሩ አይጐድልበትም። ጊዜው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚያተርፈውም የሚወዳቸው ሰዎች ዕረፍት ነው።