የአባታችን የፊርማ ደብተር

በየቤቱ ከሣጥን ሥር ተሸሽጎ የሚኖር አንድ ቅርስ አይታጣም። በእኛ ቤት ያለው ሽፋኑ የተላጠ ደብተር ነው። አባታችን በክብር ዘበኛ ውስጥ ሲያገለግሉ፣ ከ1952 ዓ.ም. አንሥቶ፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ «እስቲ ለማስታወሻ ፈርምልኝ» እያሉ የሞሉት ነው። ባለፈው ዓመት በሠፈራችን ክበብ ትንሽ ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ ደብተሩን እንድናቀርብ ተጠየቅን፤ እኛ ወንድማማቾችና እኅትማማቾችም ለሁለት ተከፈልን።

ይታይ ያልነው በቂ ምክንያት ነበረን። በደብተሩ ውስጥ የሻምበል አበበ ቢቂላና የሻምበል ማሞ ወልዴ ፊርማዎች ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከዚያው ከክብር ዘበኛ የወጡ ናቸውና። አበበ የፈረመው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ከቶኪዮ ድል በተመለሰ ማግሥት ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ የፈጸመ ሰው እጅ ያረፈበትን ወረቀት ሣጥን ውስጥ ማፈን ንፉግነት መስሎ ታየን። በአገራችን ለብዙ ዘመን ቃል የሚታመነው በማኅተም ነበር፤ ነገሥታቱም በደብዳቤያቸው ራስጌ ማኅተማቸውን ያሳርፉ ነበር። ተራው ወታደር በገዛ እጁ ስሙን ጽፎ ማኖሩ እንግዲህ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ፊደል ያልቆጠሩት የአባታችን ጓዶች የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኑረዋል። በእኛ ዐይን ከሻምፒዮኖቹ ፊርማ ይልቅ እነዚህ ይበልጣሉ።

ታላቅ እኅታችን ግን አልተስማማችም። «ሰዎቹ የፈረሙት ለአባባ ነው እንጂ ለአደባባይ አይደለም» አለች። ሰማናት፤ ነገር ግን አልታዘዝናትም።

ደብተሩ በመስታወት ሥር በመስኮት አጠገብ ተቀመጠ። የብዕር ቀለምን ብርሃን እንደሚበላው ኋላ ነው የተማርነው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዱ ሰማያዊ ጽሑፍ ገርጥቶ አገኘነው። ለሕዝብ ቅጂውን አቅርቦ ዋናውን በጨለማ ማኖር ይገባ ነበር። አንድ ጎረምሳም የአበበን ፊርማ በስስ ወረቀት ገልብጦ ለጓደኞቹ ሲሸጥ ተያዘ። ሳቅን፤ ሆኖም በደብተሩ ውስጥ በሕይወት ያሉ ሰዎች ፊርማም እንዳለ፣ ያው ፊርማ በቼክና በውክልና ላይ እንደሚያገለግል ስናስብ ሳቃችን ቀዘቀዘ።

ዋናው ነገር የመጣው በመጨረሻው ሳምንት ነው። አንዲት አዛውንት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው የአባታችን ጓድ ነበሩ፤ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ወደ ኮንጎ ከዘመቱት አንዱ። ልጁ የአያቱን ስም አይቶ ደስ ብሎት፣ ከፊርማው በላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። አያቱ በዘመቻው ዋዜማ ለአባታችን የጻፉት ኑዛዜ ነበር፤ ከቀሩ ሚስታቸው ሳትጠብቃቸው እንድታገባ፣ አባታችን ይህን እንዲነግሯት የሚያደራ። ሰውየው በደኅና ተመልሰው ዕድሜ ጠግበው ነው ያረፉት፤ ነገሩንም ለባለቤታቸው አንሥተው አያውቁም ኖሯል። አዛውንቷ በሰው ፊት ቆመው ሰሙት። ወንበር አቀረብንላቸው።

ቆይተው «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ለእኔ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 31 ምሥጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ይከለክላል። የደብተር ገጽ ደብዳቤ አይደለም ብሎ የሚከራከረን ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን በዚያች ሴት ፊት ቆመን ይህን ክርክር ለማቅረብ ድፍረት አናገኝም። ወረቀቱ የአባታችን ነው፤ ቃሉ ግን የጸሐፊው ነበር። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሺህ ሰው መበተን የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለሆነ፣ አንዴ የታየውን መልሶ መሸሸግ አይቻልም።

አሁን ለሚጠይቀን የሻምፒዮኖቹን ፊርማና አሻራዎቹን በቅጂ እናሳያለን። ምክር ወይም ኑዛዜ ያለባቸውን ገጾች ግን ቤተሰቦቻቸውን እያፈላለግን አስቀድመን ለእነርሱ እናስነብባለን፤ አሥራ አንድ ቤት ደርሰናል፤ ሁለቱ አይታይ ብለውናል።

የአዛውንቷን ገጽ ቀድደን ልንሰጣቸው አስበን ነበር። «ተዉት፤ ከጓደኞቹ መካከል አታውጡት» አሉን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቤታችን መጥተዋል። ማንበብ ስለማይችሉ ታላቅ እኅታችን በሩን ዘግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነብላቸዋለች።