የልደታ ሰፈር የጥብስ ቅጠል

ግንቦት 1 ቀን በልደታ ሰፈር የዋለ ሰው፥ ቄጠማ ተጐዝጕዞ፥ ንፍሮ ተቀቅሎ፥ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋራ ከደጅ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ያያል። ሰፈሩ ግን የቀድሞው ሰፈር አይደለም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ፎቆች ስለ ቆሙ፥ ከነባሮቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። ቢሆንም ለበዓሉ ተመልሰው የሚመጡ አሉ።

ከእነዚህ ፎቆች በአንደኛው በረንዳ ላይ፥ በጣሳ የተተከለ የጥብስ ቅጠል አየሁ። ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ፥ ከዘር እንዳበቀሉት ቢነግሩኝ ተደነቅሁ።

«እማማ፥ ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ሲቻል ስለ ምን ከዘር ጀመሩ?» አልኋቸው።

«ልጄ፥ አጥሩ ሲፈርስ ቍጥቋጦው ከድንጋዩ በታች ቀረ። የተረፈኝ በመቀነቴ ጫፍ የቋጠርሁት ዘር ብቻ ነበር» አሉኝ።

ይህ ተክል የሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ ተወላጅ ነው። ከዘሩ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል፤ የሚበቅለውም ከ2 እስከ 4 ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ስለሚወድ፥ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የሌሊቱ ብርድ ያዘገየዋል። ደግሞም ከዘር የበቀለው ሁልጊዜ እንደ እናቱ አይሸትም።

እማማ ከሥሩ በተበሳ ጣሳ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ሞሉ። ዘሩ ብርሃን ይሻልና በላዩ በትነው በጣታቸው ጫን አደረጉት እንጂ አልቀበሩትም። በስስ ፌስታል ሸፍነው፥ ጣሳውን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ጥቂት ጊዜ እያቆሙ ከታች አጠጡት።

«የዘራሁት በዐቢይ ጾም ዋዜማ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ አፈር ሳጠጣ ልጆቼ ሳቁብኝ፤ በአራተኛው አራት ቡቃያ ወጣ። 55ቱ ቀን አልፎ ፋሲካ ሲደርስ ከጣቴ አንጓ አልበለጡም፤ ለጥብሱ ቅጠል ከገበያ ገዛሁ። በሁለተኛውም ፋሲካ ገዛሁ።»

ከአራቱ ሦስቱ በክረምት ውሃ በዝቶባቸው ሥራቸው በሰበሰ። የቀረው አንዱ በሦስተኛው ፋሲካ ለመጥበሻው በቃ።

ይህን ሲያወጉኝ፥ በቀድሞው ሰፈር አጥር ለአጥር ይኖሩ የነበሩ ጎረቤታቸው ከሩቅ መጥተው ገቡ። እማማ ግማሽ ስንዝር የሚያህል ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጠው፥ የታችኛውን ቅጠል አራግፈው፥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉላቸው።

«አንቺ በዘር አትድከሚ፤ ይህ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ሥር ይሰዳል» አሏቸው።

እንግዳይቱ ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አሸተቱና ጥቂት ዝም አሉ። «ያው የግቢያችን ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያም ጥቅሉን ከነጠላቸው ሥር ይዘው፥ አውቶቡስ ሳያመልጣቸው ደረጃውን ወረዱ።