ስለ አንኮበሩ እንግዳና ስለ ኦነሲሞስ

ልጆች ሆይ፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ብርዱ የጸናውን ደጋ አቋርጦ ከአንኮበር ይደርሳል። አንኮበር በተራራ ጫፍ ላይ የተሠራች አሮጌ ከተማ ናት። ከዚያ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የአፋር ቆላ እንደ ባሕር ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ጉም የወረደ እንደ ሆነ ግን የጎረቤቱ ቤት እንኳ አይታየውም። በቀድሞ ዘመን የሸዋ ነገሥታት በዚህ ይቀመጡ ነበር። አሁን የሚነገረውም ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ተራራ ላይ ነው። ዓመቱ ሁሉ የተቆጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1839 ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ሁለት የጀርመን አገር ሰዎች ከታጁራ ወደብ ተነሥተው፥ የአፋርን በረሃ ከግመል ነጂዎች ጋራ አቋርጠው ወደ ሸዋ ወጡ። የአንደኛው ስም ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ፥ የሁለተኛው ስም ካርል ኢዘንበርግ ይባላል። የላካቸው በለንደን ከተማ የነበረ የሚስዮን ማኅበር ነው። አስቀድመው በዓድዋ ሳሉ በ1838 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጡ ታዝዘው ነበርና፥ ሌላ በር ሊያንኳኩ ወደ ሸዋ መጡ። ንጉሡም በመልካም ተቀበሏቸው። ኢዘንበርግ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ፤ በ1841 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት በለንደን አሳተመ፥ ለልጆችም የፊደል መጽሐፍ አዘጋጀ። ክራፍ ግን ብቻውን በአንኮበር ቀረ።

ምን ፈልጎ ቀረ? አንኮበር ታቦትና ካህናት የሞሉባት ከተማ ነበረች። ደብተሮቿም ዳዊት የሚደግሙ፥ ቅኔ የሚቀኙ፥ በክርክርም በቀላሉ የማይረቱ ነበሩ። ክራፍ ከእነርሱ ጋራ ስለ ሃይማኖት ብዙ ተነጋገረ፤ ከክርክሩ ያተረፈው ግን ጥቂት ነው። ልቡ ከሸዋ ወዲያ ወዳለው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ነበረ። ይህ ሕዝብ ወንጌልን በገዛ ቋንቋው ቢሰማ፥ ከራሱም መካከል መምህራን ቢነሡ፥ ለአፍሪካ ምድር ሁሉ አስተማሪ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር።

ስለዚህ ኦሮምኛ ይማር ጀመረ። ልጆች ሆይ፤ ይህን ሥራ ቀላል አታድርጉት። እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ መምህር አላችሁ፥ የታተመ መጽሐፍም በእጃችሁ አለ። ለክራፍ ግን መዝገበ ቃላትም ሰዋስውም አልነበረለትም። ቃሉን ከሰው አፍ መስማት፥ የሰሙትን መጻፍ፥ የጻፉትን ለሌላ ሰው ማንበብ፥ ያም ሰው ቢስቅ ደግሞ ሰርዞ ማረም ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ድካም ስለ ኦሮምኛ ሰዋስው አንድ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በ1840 ዓ.ም. ታተመ። እርሱ ራሱም ያልተፈጸመ መጀመሪያ ነው ብሎ ሰየመው። ከማቴዎስና ከዮሐንስ ወንጌልም ጥቂት ምዕራፎች ተረጐመ።

ነገር ግን ሁለት ነገር ሥራውን አበላሸበት። በ1840 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ በደቡብ በኩል ወዳለው የኦሮሞ አገር ሲዘምቱ ክራፍ አብሮ ሄደ። አሳቡ አገሩንና ሕዝቡን ለማየት ነበር። ዳሩ ግን እህሉን ጭፍራ የበላበት ባላገር፥ በበቅሎ ተቀምጦ የሚከተለውን እንግዳ ከጭፍራው ለይቶ አያየውም። ያ እንግዳ በማግሥቱ ተመልሶ «የሰላም ወንጌል ይዤ መጥቻለሁ» ቢለው፥ ማን አምኖ ይሰማዋል?

ሁለተኛው ነገር ከፊተኛው የባሰ ነው። በ1841 ዓ.ም. ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መኰንን ብዙ ገጸ በረከት ይዞ ከንጉሡ ጋራ ውል ሊዋዋል መጣ። ክራፍም አገሩንና ቋንቋውን ያውቅ ነበርና መልእክተኞቹን ረዳቸው። ውሉ ተፈረመ። የወንጌል መምህር በመንግሥታት መካከል ሲመላለስ የታየ እንደ ሆነ ግን፥ ሰው ሁሉ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ይጠራጠራል፤ ቢጠራጠርም አይፈረድበትም።

በመጋቢት 1842 ዓ.ም. ክራፍ ከሸዋ ወጥቶ በወሎ በኩል ጉዞ ጀመረ። በመንገድ ላይ የአገሩ ባላባት አዳራ ቢሌ ይዞ ገንዘቡን ሁሉ ወሰደበት። እርሱም እየተቸገረ ምጽዋ ደረሰ። በግብፅ ሚስት አግብቶ ወደ አንኮበር ሊመለስ ቢል፥ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አልፈቀዱም። በ1844 ዓ.ም. በደቡብ በኩል መንገድ እንዲያገኝ ወደ ሞምባሳ ሄደ፤ እዚያም በሐምሌ ወር ሚስቱና አዲስ የተወለደች ልጁ ሞቱበት። አንኮበርን ዳግመኛ አላየም።

በሽምግልናው ግን ኦሮምኛን አልተወም። አለቃ ዘነብ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሐዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ ተርጕመው ነበርና፥ ክራፍ ይህን ትርጓሜ አርሞ በ1876 ዓ.ም. እንዲታተም አደረገ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ሲያነሣው፥ ሥራው ቀስ በቀስ እንደ እንቁላሉ በእግሩ መሄድ ጀመረ።

አሁን ከሸዋ ተራራ ወርደን ወደ ቀይ ባሕር ዳር እንሂድ። በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ስፍራ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበረ። በዚያ ከሚማሩት አንዱ በኢሉባቦር የተወለደ የኦሮሞ ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ ከእናቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከጌታ ወደ ጌታም ተላለፈ፤ በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጣ። የትውልድ ስሙ ሂካ ነው፤ ትርጓሜውም ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ትጋቱም ስለ ታየ ወደ ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ያህል ተማረ። በ1881 ዓ.ም. ክራፍ በጀርመን አገር ሞተ፤ በዚያው ዓመት ኦነሲሞስ ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰ።

የተወለደበት አገር ግን ሩቅ ነበር። ኦነሲሞስና ባልንጀሮቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ በወሰኑ አጠገብ በፋማካ ከእነርሱ ጋራ የነበረው የስዊድን ሚስዮናዊ በበሽታ ሞተ፥ የቀሩትም ተመለሱ። ደግሞ በሸዋ በኩል ሞከሩና በ1886 ዓ.ም. እንጦጦ ደረሱ። በዚያ የነበሩት የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። አያት የዘጉትን በር የልጅ ልጅም አልከፈቱትም፤ የበላያቸው ዐፄ ዮሐንስ ሚስዮናውያንን ከልክለው ነበርና። ኦነሲሞስ ወደ እምኩሉ ተመለሰ፤ ስለ ተከለከለም ተቀምጦ አላለቀሰም፥ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ወደ መተርጐም ተመለሰ እንጂ።

በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ ችግር ገጠመው። ኦነሲሞስ ስዊድንኛና ሌላም ቋንቋ የተማረ ሰው ነው፤ የእናቱን ቋንቋ ግን ሳይጠግበው ነበር የተሰረቀው። የተረቱን፥ የምሳሌውን፥ የቤቱንና የማጀቱን ቃል ሁሉ አያውቅም። ይህን የሞላችለት አስቴር ጋኖ የተባለች የኦሮሞ ልጅ ናት። እርስዋ በ1886 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ አድኗት ወደ እምኩሉ የመጣች ናት። አድጋ የተሰረቀች ስለ ሆነች የአገሯን ቋንቋ በሙሉ ታውቀዋለች። አምስት መቶ የሚያህል የኦሮሞ ዘፈንና ተረት፥ እንቆቅልሽና ምሳሌም ከቃል ወደ ጽሑፍ አገባች። የተማረው ሰው ከልጅቱ ቃል ይጠይቅ ነበር፤ በዚህም አላፈረም።

ሐዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም.፥ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1899 ዓ.ም. በግዕዝ ፊደል ታተመ። ክራፍ የአንኮበሩን ትርጓሜ የጻፈው በላቲን ፊደል ነበር፤ ኦነሲሞስ ግን በአገሩ የሚታወቀውን ፊደል መረጠ፥ መልካምም አደረገ።

በዚህ መካከል በእምኩሉ ሚስዮን ዘንድ የተማረው የኤርትራ ሰው ቀሲስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ፥ ከኦሮሞው ዳንኤል ጋራ በሸዋ በኩል አልፎ በወለጋ በቦጂ ማስተማር ጀመረ። የጎረቤት አገር ልጅ ለጎረቤቱ መንገድ ጠረገለት። በ1904 ዓ.ም. ኦነሲሞስና አስቴር የታተመውን መጽሐፍ ይዘው ወለጋ ገቡ። ኦነሲሞስም በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ሲሰማ ብዙ ሰው ተሰበሰበ፤ ይህም በአገሩ ካህናት ዘንድ ክስ አመጣበት፥ በግልጥ እንዳይሰብክም ተከለከለ። በ1916 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ እንዲያስተምር ፈቀዱለት። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ስድሳ ቀርቦ ነበር፤ እስከ ሞተበትም እስከ 1931 ዓ.ም. ድረስ ሲያስተምር ኖረ።