ቅንፉን ባዶ አትተዉት

የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ለአንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል።

ቤይሩት ነው የምሠራው። የማዳም ልጅ አሮጌ ላፕቶፗን ስትሰጠኝ፣ ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ኮዲንግ መማር ጀመርኩ። ለመለማመጃ ብዬ የደሞዜን መዝገብ ሞንጎዲቢ ላይ አስገባሁት፤ የትኛው ወር ተከፈለኝ፣ የትኛው ቀረብኝ። የ14 ወር ነበር።

አንዱ ወር ሁለቴ ተመዝግቦ አየሁና ትርፉን ላጥፋ አልኩ። በኖድ ጄኤስ "ዲሊት ሜኒ" ብዬ ጻፍኩ። የቱን እንደሚያጠፋ የሚነገርበትን ቅንፍ በኋላ እሞላዋለሁ ብዬ ባዶ ተውኩት። ማዳም ጠራችኝ። ስመለስ ረስቼው አስኬድኩት። "የጠፋ፦ 15" አለኝ። ለካ ባዶ ቅንፍ "ሁሉንም" ማለት ነው! እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ኮፒ ካላስቀመጥሽ መመለሻ የለውም።

እንባዬ መጣ። ያልተከፈለኝ የሦስት ወር ሒሳብ እዚያ ውስጥ ነበር እኮ! ያዳነኝ ትራሴ ሥር የነበረው ደብተር ነው። ሁሉንም ከሱ መልሼ ጻፍኩት።

አሁን ከማጥፋቴ በፊት የዚያን መዝገብ አይዲ ቅንፉ ውስጥ አስገብቼ መጀመሪያ "ፋይንድ" እላለሁ። የመጣልኝ የምፈልገው ብቻ ከሆነ፣ ያንኑ ቅንፍ ይዤ "ዲሊት ዋን"።

ኮድ የማትጽፉም ብትሆኑ፣ የደሞዛችሁን ሒሳብ ሁለት ቦታ ያዙ። አንዱ ወረቀት ይሁን። ስልክም ይጠፋል፣ ሰውም ይክዳል።

በሰላም ለሀገራችን ያብቃን።