መብራቱ እንደበራ

የመድረክ ፎቶ ግማሽ ሥራው የሚያልቀው መጋረጃው ሳይከፈት፣ ፊልም ሲመረጥ ነበር። ባለ 36 ፊልም አንዴ ካሜራ ውስጥ ከገባ፣ ለ36ቱም የቀለም ፍርዱ አንድ ነው።

በየፎቶ ቤቱ በብዛት የምናገኘው ለቀን ብርሃን፣ ለ5500 ኬልቪን የተሠራውን ነበር። የመድረክ ሃሎጅን ደግሞ 3200 አካባቢ ነው፤ ነጭ ጋቢ የለበሰው ተዋናይ ብርቱካን መስሎ ይወጣል። 80ኤ የሚባለው ሰማያዊ ማጣሪያ ያቃናዋል፤ ግን ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል። በብሔራዊ ቴአትር ሰፊ አዳራሽ፣ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ ንጉሥ ከነገሠበት መድረክ ርቆ ለቆመ ሰው፣ ያ የማይቻል ዕዳ ነው። ፍላሽማ ነውር ነበር።

ስለዚህ ኤክታክሮም 160ቲ ላገኘ ሰው ሠርግና ምላሽ ነበር። ለ3200 ኬልቪን ተብሎ የተሠራ ስላይድ ነው። ብርሃን ሲያንስ 320 ብለን እናነሳና ሲታጠብ ፑሽ እናስደርገዋለን፤ ግሬኑ ቢወፍርም ቴአትር ይችለዋል። የፉጂው 64ቲ ጥራቱ ያስቀናል፤ ሆኖም ከዝግተኛነቱ የተነሳ ለቆመ ንግግር እንጂ ለእስክስታ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን ልምምድ ላይ ተገኝቶ የመብራቱን ሰው ማማከር ግድ ነበር።

«ጋሼ፣ መጨረሻው በምን ይበራል?»

«ቀስ እያልኩ ነው የማወርደው፣ ልጄ።»

አምፖል ሲወርድ ወደ ቀይ እንደሚሄድ እናውቃለንና እንዘጋጃለን። ተዋናዩን እየተከተለ የሚያበራው መብራት ዜኖን ከሆነ ደግሞ ወደ ቀን ብርሃን ይጠጋል፤ በዚያው 160ቲ የተዋናዩ ፊት ሰማያዊ ይመታል።

ኤክታክሮም እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ገበያ ሲመለስ የመጣው የቀን ብርሃኑ ነው፤ 160ቲ እንደቀረ ቀረ። ከእሱ ጋር የሚናፍቀኝ ግትርነቱ ነው። የዛሬ ካሜራ ነጩን ራሱ ይፈልጋል፤ ባለሙያው በቢጫ ጄል ለፍቶ ያመጣውን ምሽት እንደ ጥፋት ቆጥሮ ያነጣዋል። 160ቲ 3200ን ነጭ ብሎ ስለሚጸና፣ የመሸው እንደመሸ፣ የነጋው እንደነጋ ይቀመጥ ነበር። ቴአትር የሚያነሳ ወጣት ቢጠይቀኝ የምለው ይኸው ነው፦ ካሜራህን 3200 ላይ ቆልፈው፤ ከዚያ ሂድና የመብራቱን ሰው ተዋወቀው።